ዶርቲን በአማርኛ፦ የኦዝን ተረት ለልጆች እንዴት እንደማነብላቸው

ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ማታ እራት ከተነሣ በኋላ እኛ ቤት ቴሌቪዥን አይከፈትም። ልጆቹ ሶፋው ላይ ይወጣሉ። ትልቋ 9 ዓመቷ ነው፣ ትንሹ 6። ብርድ ልብስ ይጎተታል፣ ቆሎ በሳህን ይመጣል፣ እኔም መጽሐፉን ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ «ተረት ተረት» እላለሁ። «የላም በረት!» ይሉኛል። ከዚያ ወደ ካንሳስ እንሄዳለን።

የምናነበው «ድንቁ የኦዝ አስማተኛ»ን ነው። መጽሐፉ እንግሊዝኛ ነው፤ ከአፌ የሚወጣው ግን አማርኛ። ሁለት ጊዜ ከዳር እስከ ዳር ጨርሰነዋል፤ አሁን ሦስተኛው ላይ ነን። ባለፈው ወር አንዲት ጓደኛዬ «እንዴት ነው የምታደርጊው? የእኔዎቹ እኮ ሁለት ዓረፍተ ነገር አማርኛ ሲሰሙ ማዛጋት ይጀምራሉ» አለችኝ። በስልክ ሳስረዳት አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀብን። ለሌላውም ይጠቅማል ብዬ ልጽፈው ተነሣሁ።

ታሪኩን ለማያውቅ ባጭሩ ላስቀምጠው። ኤል. ፍራንክ ባውም የሚባል ጸሐፊ በ1900 ቺካጎ ውስጥ አሳተመው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ሥዕሎቹን የሣለው ደብልዩ. ደብልዩ. ዴንስሎው ነው። ዶርቲ የምትባል ወላጅ የሌላት ልጅ ካንሳስ ውስጥ ከአክስቷና ከአጎቷ ጋር ትኖራለች። አንድ ቀን አውሎ ነፋስ ቤቱን ነቅሎ እሷን ከነውሻዋ ኦዝ የሚባል አገር ወስዶ ይጥላታል። ቤቷ ለመመለስ ታላቁን አስማተኛ ፍለጋ ትሄዳለች። መንገድ ላይ ሦስት ጓደኞች ታገኛለች፦ አንጎል የሚፈልግ የወፍ ማስፈራሪያ፣ ልብ የሚፈልግ የቆርቆሮ ሰው፣ ወኔ የሚፈልግ አንበሳ። በቃ፣ ታሪኩ ይኸው ነው። ከ120 ዓመት በላይ ሰው ግን አልተወውም። መድረክ ላይ አውጥቶታል፣ ፊልም ሠርቶበታል፣ ገልብጦ ጽፎታል። ባውም ራሱ ሌላ 13 የኦዝ መጽሐፍ ጽፏል። የማይጠገብበት ምክንያት፣ እኔ እንደማምነው፣ ታሪኩ ለተራኪው ቦታ ስለሚተው ነው። የያዘው ሁሉ የራሱን ይጨምርበታል። እናንተም አማርኛችሁን ትጨምሩበታላችሁ።

መጽሐፉ ይቅደም

የመጀመሪያው ስሕተት የእኔው ነበር። ትልቋ 4 ዓመቷ ሳለ የ1939ኙን ፊልም ከፈትኩላት። ዘፈኑን ወደደችው፣ ቢጫውን መንገድ ወደደችው። ክንፍ ያላቸው ዝንጀሮዎች ሰማዩን ሞልተው ሲመጡ ግን ፊቷን አንገቴ ሥር ቀበረች። ሁለት ሳምንት ከእኔ ጋር ተኛች። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ «ኦዝ» ሲባል መስማት አልፈለገችም።

መጽሐፉን በ6 ዓመቷ ስንጀምር ስለ ዝንጀሮዎቹ ሌላ ነገር አገኘን። በ14ኛው ምዕራፍ አለቃቸው ታሪካቸውን ይናገራል። ድሮ በጫካ ውስጥ እንደ ልባቸው የሚኖሩ ነፃ ፍጥረቶች ነበሩ። ከዚያ አንድ የወርቅ ቆብ መጣ፤ ቆቡን የያዘ ሰው ሦስት ጊዜ ሊያዛቸው ይችላል። የታሪኩ ክፉ አስማተኛም ያዘዘቻቸው በዚያ ቆብ ነው። ልጄ ጸጥ ብላ ሰማችና «ስለዚህ ወደው አይደለም?» አለችኝ። ወደው አይደለም አልኳት። በኋላ ፊልሙን ስናይ አላለቀሰችም። ዝንጀሮዎቹ ሲመጡ ወንድሟን «አይዞህ፣ ታዘው ነው» ስትለው ሰማሁ።

ስለዚህ መጽሐፉን አስቀድሙ። ልጅ በራሱ ሐሳብ የሚሥለው ዝንጀሮ ከአቅሙ በላይ አያስፈራውም። ስክሪን ላይ ያለው ግን የሱን አቅም አይጠይቅም።

መጽሐፉን ለማግኘት ገንዘብ አያስፈልግም። የቅጂ መብቱ ካለቀ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ፕሮጀክት ጉተንበርግ የሚባል የመጻሕፍት ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይወርዳል፣ አሜሪካ ውስጥ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍትም አያጣውም። አንድ ነገር ብቻ አረጋግጡ፦ 24 ምዕራፍ ይኑረው። አሳጥረው የሚያሳትሙት ብዙዎች ናቸው፤ የሚቆርጡት ደግሞ እኔ አብልጬ የምወደውን ቦታ ነው። የዴንስሎው ሥዕል ያለበትን ካገኛችሁ እሱን ያዙ። በሳምንት ሦስት ማታ፣ በማታ አንድ ምዕራፍ ብትሉ በሁለት ወር ታልቃላችሁ።

ዐሥር ቃል በወረቀት

እያነበባችሁ በዚያው አፍ ለመተርጎም አትሞክሩ። እኔ ሞክሬዋለሁ። ቃሉ ይጠፋል፣ እንግሊዝኛው ጥልቅ ይላል፣ ልጁ ያችን ክፍተት ሲያገኝ ወደ እንግሊዝኛው ይሄዳል፣ ከዚያ አይመለስም። አሁን የማደርገው እንዲህ ነው። ቀን ምሳ ሰዓት ላይ የማታውን ምዕራፍ ለራሴ አነባለሁ። የሚያስቸግሩኝን ቃሎች፣ ዐሥር ያህል፣ በቁራጭ ወረቀት ላይ በአማርኛ እጽፋለሁ። ወረቀቷን መጽሐፉ ውስጥ እከታታለሁ። ማታ ዓረፍተ ነገሩን አልተረጉምም፤ ገጹን በዓይኔ አይና በራሴ አነጋገር እነግራቸዋለሁ። ንግግር ሲሆን ብቻ ወደ መጽሐፉ ጠጋ እላለሁ።

የመጀመሪያው ራስ ምታት ርዕሱ ላይ ነው። አስማተኛ ወይስ ጠንቋይ? እናቴ ያን ጊዜ ከአዲስ አበባ መጥታ ከእኛ ጋር ነበረች። «ጠንቋይ» ስል አማተበች። እውነቷን ነው። አማርኛ ላይ ጠንቋይ ሰው ገንዘብ ከፍሎ የሚሄድበት፣ ቤት የሚያፈርስ ሰው ነው። የኦዙ ሽማግሌ ደግሞ ቆይቶ እንደሚገለጠው ምንም ዓይነት አስማት የማያውቅ ሰው ነው። ስለዚህ «አስማተኛ» አልኩት። ሴቶቹን «ክፉዋ አስማተኛ» እና «ደጓ አስማተኛ» እላቸዋለሁ። አንዳንዱ ክፉዋን «ጭራቅ» ይላታል፤ ለትንንሾች ይሠራል፣ ምክንያቱም ጭራቅን ከሌላ ተረት ያውቋታል። «ቡዳ» ግን በፍጹም አትበሉ። ይህ ቃል አገራችን ውስጥ እውነተኛ ሰዎችን፣ ሸክላ ሠሪውንና ብረት ቀጥቃጩን፣ ሲያቆስል የኖረ ነው። ተረት ሲያወሩ ለልጅ ማስተማር አይገባም።

ማስፈራሪያው የመጣ ማታ እናቴ መጽሐፉን ከእኔ ተረከበችው ማለት ይቻላል። ልጅ ሳለች ማሽላ ከወፍ ትጠብቅ ነበር። ማማ ላይ ወጥታ፣ ወንጭፍ ይዛ። ድንጋዩ እንዴት እንደሚሽከረከር በነጠላዋ ጫፍ አሳየቻቸው። ከዚያ በኋላ በጭድ የተሞላው ሰውዬ ለልጆቹ የአሜሪካ ሰው አልነበረም። አያት ወይም አጎት አጠገባችሁ ካለ እንዲህ ያለውን በር ክፈቱለት። ምዕራፉ ባያልቅ ምን አለበት!

የኤመራልድ ከተማን «የመረግድ ከተማ» ብዬዋለሁ። መረግድ ራእይ ላይ ያለ፣ በአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ የሚገኝ ቃል ነው፤ ልጆቹ ወደዱት፣ አፍ ላይ ይከብዳል፣ ድንጋይ ድንጋይ ይላል። ለካንሳስ ቀለም ደግሞ «ግራጫ» ከማለት «አመድማ» ማለቱን መረጥኩ። የመጀመሪያው ምዕራፍ በዚህ ቀለም የተሞላ ነው፦ ሜዳው አመድማ፣ ሣሩ አመድማ፣ ቤቱ አመድማ፣ የአክስቷ ዓይንና ጉንጭ ሳይቀር ፀሐይና ነፋስ አመድ አድርገውታል። አጎቷ ስቆ አያውቅም። ቃሉን እየደጋገማችሁ አንብቡት። ባውም የደጋገመው በምክንያት ነው።

አሁን ደግሞ ለእኔ ትልቁ ግኝት። ማስፈራሪያው አንጎል ይፈልጋል፣ የቆርቆሮው ሰው ልብ ይፈልጋል፣ አንበሳው ወኔ ይፈልጋል። እንግሊዝኛው ላይ ሦስት የተለያየ ነገር ነው። አማርኛ ላይ ግን ቁጭ ብላችሁ አስቡት። ማስተዋል ለጎደለው ሰው ምን እንላለን? «ልብ ይስጥህ» ወይም «ልብ ግዛ»። ደፋሩን ምን እንለዋለን? «ልበ ሙሉ»። ርኅራኄ የሌለውን? «ልብ የለውም»። ሦስቱም መንገደኞች የሚፈልጉት አንድ ቃል ነው! ይህን ለትልቋ ስነግራት ዓይኗ ፈጠጠ። «ስለዚህ አንድ ልብ ለሦስት ቢሰጣቸውስ?» አለች። እስከ ምዕራፍ 16 ድረስ፣ አስማተኛው ስጦታውን እስኪሰጥ፣ ይህን ጥያቄ ይዛ ሄደች። እንግሊዝኛውን ብቻ ብታነብ ጥያቄው አይመጣላትም ነበር። ልጆቻችን አማርኛ ሲሰሙ የሚያተርፉት አንዱ ይህ ነው።

አንቺ፣ አንተ፣ እርስዎ

እንግሊዝኛው ሁሉንም በአንድ ቃል ይጠራል። እኛ መወሰን አለብን። እኔ እንዲህ ከፈልኩት፦ ጓደኛሞቹ እርስ በርሳቸው «አንተ»ና «አንቺ»። ዶርቲ ለአክስቷ «አንቺ»፣ ቤተሰብ ነችና። ለደጓ የሰሜን አስማተኛ፣ አሮጊት ስለሆነች፣ «እርስዎ»። ኦዝ ተብሎ ለሚጠራው ለአስማተኛውም «እርስዎ»።

ምዕራፍ 11 ላይ ዶርቲ ዙፋኑ ፊት ስትቆም አንድ ግዙፍ ራስ ብቻ ታያለች፤ ገላ የለውም። «እኔ ታላቁና አስፈሪው ኦዝ ነኝ። አንቺ ማነሽ? ለምንስ ፈለግሽኝ?» ይላታል። እሷም «እኔ ትንሿና ትሑቷ ዶርቲ ነኝ። እርዳታዎን ፈልጌ መጣሁ» ትለዋለች። እዚህ ጋ ድምፃችሁን ከሆዳችሁ አውጡት። ከዚያ ለዶርቲ በሹክሹክታ።

ምዕራፍ 15 ላይ ውሻው ቶቶ ደንግጦ ሲዘል መጋረጃውን ይጥለዋል። ከኋላው ራሰ በራ፣ ፊቱ የተጨማደደ፣ ትንሽ ሽማግሌ ቆሟል። ከኦማሃ የመጣ፣ በሰርከስ ባሉን የሚያበር ሰው ነበር። ዶርቲ ትቆጣዋለች፤ መጥፎ ሰው ነህ ትለዋለች። እሱም መጥፎ ሰው ሳልሆን መጥፎ አስማተኛ ነኝ ብሎ ይመልስላታል። ትልቋ ልጄ እዚህ ላይ አስቆመችኝ። «አሁን አንተ ትበለው፣ ውሸታም ነው» አለች። ትንሹ ደግሞ «ሽማግሌ ነው፣ አይባልም» አለ። ተከራከሩ። በአማርኛ! ሃያ ደቂቃ! እኔ አልፈረድኩም፤ ያን ማታ አንዴ በ«አንተ»፣ አንዴ በ«እርስዎ» አነበብኩት። ለየራሳቸው የትኛው ልክ እንደሆነ ሰሙ።

ለልጆቹ ሥራ ስጧቸው። ትንሹ ቶቶ ነው። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ቶቶ ቃል አይናገርም፤ ሥራው መጮኽ ብቻ ነው፣ እና ስሙ በተጠራ ቁጥር ይጮኻል። ይህ ካልተሰጠው በሦስተኛው ገጽ ይተኛል።

ቀስ የምትሉባቸው ቦታዎች

ምዕራፍ 6 ላይ አንዲት ትንሽ ነገር አለች፤ ብዙ ሰው ያልፋታል። የቆርቆሮው ሰው እየሄደ ሳለ ጥንዚዛ ይረግጣል። ሞተች። ያለቅሳል። እንባው በጉንጩ ወርዶ የመንጋጋው ማጠፊያ ላይ ይደርስና ያዝገዋል። ዶርቲ ስትጠይቀው አፉ አይከፈትም። በእጁ ይጠቁማል፣ አይገባትም። አንበሳውም ግራ ይጋባል። ማስፈራሪያው ብቻ ይገባዋል፤ ከቅርጫቷ የዘይቱን ዕቃ ያወጣና መንጋጋውን ዘይት ያጠጣዋል። የቆርቆሮው ሰው አፉ ሲከፈትለት የሚለውን ልብ በሉ፦ እናንተ ልብ ያላችሁ የሚመራችሁ ነገር አለ፤ እኔ ልብ ስለሌለኝ በጣም መጠንቀቅ አለብኝ ይላል። ከዚያ ጀምሮ ጉንዳን እንኳ እንዳይረግጥ መሬት መሬት እያየ ይሄዳል።

እዚህ ላይ ቁሙ። ምንም አትበሉ። ትንሹ ልጄ «ግን ልብ የለኝም አለ፤ ታዲያ ለምን አለቀሰ?» አለኝ። እናቴ ከሶፋው ጫፍ «ሆደ ቡቡ ነዋ!» አለችው። በአማርኛ ኀዘን ሆድ ውስጥም ይኖራል እኮ። ልብ ባይኖረውም ሆድ አለው። ትንሹ በዚህ መልስ ሙሉ በሙሉ ረካ። አንጎል የለኝም የሚለው ማስፈራሪያ ነገሩ ቀድሞ የገባው መሆኑንም ትልቋ በራሷ አየችው። እናንተ አትንገሯቸው፤ ይደርሱበታል።

ሌላው መነጽሩ ነው። ፊልሙ ላይ የለም፤ መጽሐፉ ላይ ብቻ። ወደ መረግድ ከተማ ለመግባት ሁሉም፣ ቶቶ ሳይቀር፣ አረንጓዴ መነጽር ማድረግ አለበት። የበር ጠባቂው በቁልፍ ይቆልፈዋል። ብርሃኑ ዓይናችሁን ያጠፋዋል ብሎ ነው። ዶርቲ ቤተ መንግሥቱ ውስጥ አረንጓዴ የሐር ቀሚስ ትለብሳለች። ምዕራፍ 12 ላይ ከከተማው ወጥታ መነጽሩ ሲወልቅ ያ ቀሚስ ነጭ ሆኗል። የቶቶ አንገት ላይ ያለው ጥብጣብም ነጭ ሆኗል። ባውም ምክንያቱን አይናገርም። የሚናገረው ከሦስት ምዕራፍ በኋላ ነው፤ ከተማው ከሌላው ከተማ የበለጠ አረንጓዴ አይደለም፣ ሕዝቡ መነጽሩን ለብዙ ዘመን ስላደረገ ነው እንዲያ የሚመስለው ይላል ሽማግሌው። እነዚያን ሦስት ምዕራፎች አፋችሁን ዝጉ። እኛ በመሀል አረንጓዴ ሴሎፎን ገዝተን በካርቶን መነጽር ሠራን። በሱ ነጭ እንጀራ አየን፣ ወተት አየን፣ የእናቴን ነጠላ አየን። ምዕራፍ 15 ላይ ሲደርስ ትልቋ ከሶፋው ላይ ዘላ ተነሣች።

ምዕራፍ 4 ላይ ማስፈራሪያው ዶርቲን፣ ይህን የመሰለ ውብ አገር ትተሽ ወደዚያ አመድማ ቦታ ለምን ትመለሻለሽ ይላታል። እሷም የሥጋና የደም ሰዎች አገራቸው ምንም ቢደርቅ ከየትኛውም ውብ አገር ይልቅ እዚያ መኖር ይወዳሉ፣ እንደ ቤት የሚሆን የለም ትለዋለች። እሱም እንግዲህ አንጎል ስለሌለኝ አይገባኝም፤ የእናንተም ራስ እንደ እኔ በጭድ ቢሞላ ኖሮ ሁላችሁም ውብ ቦታ ትኖሩና ካንሳስ ሰው አልባ ይሆን ነበር ይላል። እኔ ይህን ገጽ በአማርኛ ጮክ ብዬ ሳነብ በየጊዜው ድምፄ ይቀየራል። በ19 ዓመቴ ነው ሜሪላንድ የገባሁት። መጽሐፉን ያወቅሁትም ያን ጊዜ፣ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እንግሊዝኛ ስማር ነው። ልጆቹ ምን እንደሆንኩ ከጠየቁኝ እነግራቸዋለሁ። አልደብቅም።

ከሁሉም በላይ የምወደው ግን ምዕራፍ 20ን ነው፣ የሸክላ አገሩን። አሳጣሪዎች መጀመሪያ የሚቆርጡት ይህንኑ ነው፤ የ1939ኙም ፊልም ትቶታል። መንገደኞቹ ሰዎቹ ሁሉ ከነጭ ሸክላ የተሠሩበት፣ ከዶርቲ ጉልበት የማይበልጡበት አገር ይደርሳሉ። ዶርቲ አንዲት ቆንጆ ልዕልት ታያለች። ካንሳስ ወስጄ አክስቴ መደርደሪያ ላይ ላስቀምጥሽ ትላታለች። ልዕልቲቱ እምቢ ትላለች። በአገራችን እንደ ልባችን እንናገራለን፣ እንንቀሳቀሳለን፤ ከዚህ ከወሰዱን ግን መገጣጠሚያችን ወዲያው ይደርቃል፣ ቀጥ ብለን ቆመን ማማር ብቻ ይሆናል ሥራችን ትላለች።

እናቴ ይህን ስትሰማ ቆሎ የያዘ እጇ አየር ላይ ቀረ። አሜሪካ ከመጣች ሦስተኛ ወሯ ነበር። «እውነቷን ነው» አለች። «እኔስ? ሰፈሬ ብሆን ሰው እጣራለሁ፣ ቡና አፈላለሁ፣ ለቅሶ እደርሳለሁ። እዚህ ነጠላዬን ለብሼ መቀመጥ ነው።» ልጆቹ ዞረው አዩአት። ትልቋ ሄዳ ጉልበቷን ማሸት ጀመረች። ቅዳሜ ጎረቤቶቻችንን ጠራን፣ እናቴ ቡና አፈላች። ምዕራፍ 21ን ወደ ማክሰኞ አዛወርነው።

ፈጥናችሁ የምታልፉባቸውም አሉ። ባውም መግቢያው ላይ ቅዠትና ሐዘን የሌለበት አዲስ ዓይነት ተረት ልጽፍ ነው ይላል፤ ይሁንና ምዕራፍ 12 ላይ የቆርቆሮው ሰው 40 ተኩላ በመጥረቢያ ይገድላል። እኔ አልዘለውም፤ በአንድ ትንፋሽ፣ ድምፅ ሳልቀይር እናገርና እሄዳለሁ። የሚዋጉት ዛፎችና የመዶሻ ራሶች የሚባሉት ሰዎችም ለቅልጥፍና የተሠሩ ናቸው። ሮጥ ሮጥ በሉባቸው።

ከዚያ ፊልሙ

የ1939ኙ ፊልም አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ገደማ ነው። ዶርቲን የተጫወተችው ጁዲ ጋርላንድ ሲቀረጽ 16 ዓመቷ ነበር። በ1956 በቴሌቪዥን ታየ፤ ከ1959 ጀምሮ በዓመት አንድ ጊዜ እየታየ አሜሪካውያን ቤተሰቦች እንደ በዓል የሚጠብቁት ሆነ። የኦዝ ፍቅር ከትውልድ ወደ ትውልድ የተሻገረው በመጽሐፉ ብቻ ሳይሆን በዚህም ነው።

ስታዩ ሁለት ቦታ ላይ አቁሙት። አንዱ፣ ዶርቲ በሩን ስትከፍት ነው። ካንሳስ ቡናማ ነው፤ በሩ ሲከፈት ቀለም ይፈስሳል። ያ እንዴት እንደተሠራ ለልጅ መንገር ደስ ይላል፦ የቤቱን ውስጥ ራሱን ቡናማ ቀቡት። ከጀርባዋ የምናያት በሩን የምትከፍተው ሴት ጁዲ ጋርላንድ አይደለችም፤ ቡናማ ቀሚስ የለበሰች ሌላ ሴት ናት። ከዚያ ጁዲ በሰማያዊ ቀሚሷ ከጎን ትገባለች። የእኔዎቹ ስድስት ጊዜ ወደ ኋላ መልሰው አዩት። ሁለተኛው፣ መጨረሻው ነው። ፊልሙ ኦዝን ሕልም ያደርገዋል። መጽሐፉ ላይ ግን እውነት ነው፤ ዶርቲ ስትመለስ አጎቷ አውሎ ነፋሱ በወሰደው ቤት ምትክ አዲስ ቤት ሠርቷል። ልጆቹ የትኛውን እንደሚመርጡ ጠይቋቸው። እኔ ከመጽሐፉ ጋር ነኝ፣ አጥብቄ።

ልጃችሁ አስማተኛዋን ከፈራ የማርጋሬት ሃሚልተንን ነገር ንገሩት። ክፉዋን የተጫወተችው ሴት ከዚያ በፊት የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ነበረች። በ1975 ወደ ሚስተር ሮጀርስ የልጆች ፕሮግራም መጥታ ልብሱን በልጆች ፊት አንድ በአንድ ለበሰችው፤ ማስመሰል ብቻ መሆኑን አሳየቻቸው።

ሌሎቹን በዕድሜ ለዩአቸው። «ዘ ዊዝ» የጥቁር አሜሪካውያን ኦዝ ነው፤ በ1974 እዚሁ ባልቲሞር መድረክ ላይ ተጀምሮ በ1975 ኒው ዮርክ ገባ። በ1978ቱ ፊልም ዳያና ሮስ ዶርቲ፣ ማይክል ጃክሰን ማስፈራሪያው ናቸው። የመረግድ ከተማው ሕዝብ ቀለም በታዘዘ ቁጥር ልብሱን የሚቀይርበትን ቦታ ከአረንጓዴው መነጽር ጋር አያይዛችሁ እዩት። «ዊክድ» ደግሞ ታሪኩን ከክፉዋ በኩል ይነግረዋል። ኤልፋባ የሚለው ስሟ ከባውም ስም መነሻ ፊደላት የተወሰደ ነው። የ2024ቱን ፊልም ከ8 ዓመት በላይ ያሉ ያዩታል፤ የ1995ቱ ልብ ወለድ ግን ለአዋቂ ነው፣ ሽፋኑ እንዳያታልላችሁ። የ1985ቱ «ሪተርን ቱ ኦዝ» ያስፈራል፤ ከ10 ዓመት በፊት አልከፍትም። ሩሲያ የተማረ ዘመድ ካላችሁ ደግሞ የቮልኮቭን መጽሐፍ ጠይቁት። በ1939 በሩሲያኛ መልሶ ጻፈው፤ ዶርቲ እዚያ «ኤሊ» ተብላለች። የእኔዎቹ ይህን ሲሰሙ ዔሊ በአውሎ ነፋስ ስትበር ሥለው ፍሪጅ ላይ ለጠፉ።

ጫማውን ሄዳችሁ እዩ

ዋሽንግተን አካባቢ ከሆናችሁ ይህ አያምልጣችሁ። ፊልሙ ላይ ጁዲ ጋርላንድ ካደረገቻቸው ቀይ ጫማዎች አንዱ ጥንድ በስሚዝሶኒያን የአሜሪካ ታሪክ ብሔራዊ ሙዚየም ውስጥ ነው። ስሙን ያልገለጸ ሰው በ1979 ሰጠው። መግቢያው ነፃ ነው። በሜትሮ ፌዴራል ትራያንግል ወርዳችሁ ትንሽ መራመድ ነው። ከመሄዳችሁ በፊት ለእይታ ክፍት መሆኑን ድረ ገጹ ላይ እዩ።

ሌላ ጥንድ በ2005 ሚኒሶታ ውስጥ ከሙዚየም ተሰርቆ በ2018 ተገኘ። ባለሙያዎች አጠገብ ለአጠገብ ሲያስቀምጧቸው የስሚዝሶኒያኑ ግራና ቀኝ የአንድ ጥንድ እንዳልሆኑ፣ አቻዎቻቸው የተሰረቁት መሆናቸው ታወቀ። ያ የተሰረቀው በታኅሣሥ 2024 በጨረታ በ28 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ለልጆቻችሁ በመንገድ ላይ ንገሯቸው፤ ሜትሮው አይረዝምባቸውም።

እኛ እናቴ አገር ቤት ልትመለስ በሳምንቱ ሄድን። ትንሹ አፍንጫውን መስታወቱ ላይ ለጠፈ። «ቀይ ነው!» አለ፣ ቅር ብሎት። መጽሐፉ ላይ የብር ጫማ ነው። ነገርኩት፦ ፊልሙ ሲሠራ ቴክኒከለር የሚባለው የቀለም አሠራር ብርቅ ነበር፤ በቢጫው መንገድ ላይ ቀዩ ይበልጥ ስለሚያምር ቀየሩት። «መቀየር ይቻላል?» አለኝ። ቀይረውታል እኮ አልኩት።

ስንመለስ ሜትሮ ውስጥ አያቱ አጠገብ ተቀመጠ። እጇን ያዘና «ተረት ተረት» አላት። «የላም በረት» አለችው። «አንዲት ልጅ ነበረች። ዶርቲ ትባላለች። አያቷ ከሩቅ አገር የወርቅ ጫማ አመጣችላት።»